የአልፍን ሩጫ ለሌላ የሰጠሁ ቀን

አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከልጄ በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ እንደ ንስሐ አባት ሆናችሁ ስሙኝ።

ያኔ አውስትራሊያ፣ ዌሪቢ በምትባል ከተማ ቤት ለቤት እየዞርኩ አረጋውያን እንከባከብ ነበር። አንዱ አበባ ጎመን ሲተክሉ የኖሩ ሬግ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ ሬግ እላቸዋለሁ። ሾርባቸውን እየጠጡ የዓለም ጦርነቱን መጨረሻ ያወሩልኛል፣ ዓይናቸው እያበራ። ጀርመን እጅ ሰጥታለች፤ የቀረችው ጃፓን ናት። ወታደሮቹ እነ ጋሼ ሬግ ጃፓኖች የያዙት ቦርኒዮ ደሴት ላይ ከመርከብ ወረዱ። የደሴቱ የነዳጅ ማከማቻ ይነዳል፣ ሰማዩ በጠራራ ፀሐይ ጠቁሯል። ከፊታቸው ካለው ኮረብታ ላይ አንድ መትረየስ ሁሉንም መሬት ላይ አጣብቋቸዋል። ጓደኛቸው አልፍ ተነስቶ ሮጠ፣ ቦምብ ወረወረ፣ መትረየሱ ዝም አለ። ኮረብታው ተያዘ። አልፍ ግን እዚያው ቀረ። ሳምንታት ቆይቶ ጃፓንም እጅ ሰጠች።

«እኔ አፈሩ ላይ ተደፍቼ ነበር» አሉኝ አንድ ቀን። «ስሞት ቀብሬ ላይ የአልፍን ነገር አንቺ ተናገሪ። እህቱ ዶሪስ ትመጣለች። እኔ አፍሬ ነግሬያት አላውቅም።»

«ኧረ ይኑሩ ጋሼ፣ ጎመኑ ገና አልደረሰም።»

«ጎመኑን ተይውና ቃል ግቢልኝ።»

ገባሁ። እኔው ነኝ የገባሁት።

ሞቱ። በቀብራቸው ቀን አዳራሹ ጢም አለ። የመናገር ተራዬ ደርሶ ስቆም ምን ነካኝ? በእኛ አገር ሬሳ ፊት ሟች ይሞገሳል እንጂ ተደፍቶ ነበር ይባላል? ፎከርኩ።

የዌሪቢው ገበሬ፣ የአበባ ጎመን ጌታ፣
መትረየስ አፉን ዘጋ እሱ የመጣ ለታ።

በእንግሊዝኛም አስከተልኩ፤ ሮጡ፣ ወረወሩ፣ ኮረብታውን ያዙ አልኩ። የአልፍን ሩጫ ሰጠኋቸው፣ የአልፍን ቦምብ ሰጠኋቸው። አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ልጃቸው አቅፎኝ አለቀሰ። ልዋሽ አልችልም፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ጦርነቱን ያሸነፍኩት እኔ እመስል ነበር።

ዶሪስ ከፊት ወንበር ላይ ነበሩ። አላጨበጨቡም። ስንወጣ ክንዴን ያዝ አድርገው፦ «ስለ አልፍስ? ሬግ ምንም አላለሽም?» አሉኝ።

«ጥሩ ልጅ ነበር ብለውኛል» አልኳቸው።

ይኸው ነው ኃጢአቴ። ፉከራውን ደስታ አናገረኝ ልበል፤ ይህንንስ ማን አናገረኝ? በባህላችን ላሳብብ? ባህላችን የአንዱን ገድል ገፍፈሽ ለሌላው አልብሺ ብሎ አላስተማረኝም። ወንድማቸው እንዴት እንደሞተ አፌ ውስጥ ይዤ እኚያን አሮጊት ባዶ እጃቸውን ሸኘኋቸው። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም።

ቤት ገብቼ ለልጄ ለሰላም እየኮራሁ ተረኩላት። በጎመኑ ግጥም ሳቀች። የአልፍን እውነተኛ ታሪክና የዶሪስን ጥያቄ ስነግራት ግን ሳቋን ተወችው።

«እማዬ፣ ነገውኑ ደውዪላቸው።»

«እሺ» አልኩ። አልደወልኩም፤ አፈርኩ።

ቅዳሜ ሰላም የሥራ ሺፍቷን ካንስል አድርጋ ዶሪስ ወደሚኖሩባት ከተማ፣ ወደ ባላራት፣ በባቡር ሄደች። ለዶሪስ ኮረብታውን፣ ሩጫውን፣ መትረየሱን፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። ደግመሽ ንገሪኝ አሏት። ደገመችላቸው።