ገንዳ ውሃ ላይ ያጠፋሁት ፎቶ

ባለፈው ሳምንት ለቢሮው ኮምፒውተር ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ጨመርኩና ሳበራው ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ሥርዓት፣ ሊኑክሱን፣ የሚያስነሳው ፕሮግራም ዲስኩ ጠፍቶበት ነው። የገመዶቹን ቦታ አቀያየርኩ፤ ተነሳ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ይኸው ብልሽት ከዓመታት በፊትም ገጥሞኝ ነበር።

ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በረሃማዋ ገንዳ ውሃ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ቤት ነበረኝ። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርዱ ሠራተኞች ወደ እርሻ ከመግባታቸው በፊት ፎቶ ይነሳሉ። ለፎቶው የሚለብሱትን ኮት የማውሳቸው እኔ ነኝ። ፎቶው የሚታተመው ግን ሥራው አልቆ ሲመለሱ ነው፤ በዚያ በረሃ ወረቀት ኪስ ውስጥ በላብ ይበሰብሳላ።

ሊኑክሱን የጫነልኝ ጎንደር ያለ ጓደኛዬ ነው፤ ከየሰው ፍላሽ የሚመጣው ቫይረስ አማርሮኝ ነበር። መጠቀሙን እንጂ ውስጡን አላውቅም፤ አለማወቄንም አላውቅም። በጥቅምት፣ ሙቀቱ ቆርቆሮውን በሚያንጣጣበት ሰሞን፣ ዲስኩ ሞላና በመጠን እኩያውን አዲስ ገዛሁ። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ነባሩ ጠጋ ይላል፤ የላይኛው ቦታ የእንግዳ ነው። እጄም ሳላስበው ይህንኑ አደረገ፤ ነባሩን ዲስክ ወደ ሁለተኛው መሰኪያ አወረደና አዲሱን አንደኛው ላይ ሰካው። ኮምፒውተሩ አልነሳ አለ።

በማግስቱ አንድ አባት ከጎጃም መጡ፤ ሁለት ቀን በመኪና ተንገላተዋል። ልጃቸው እርሻ ላይ በወባ ሞቶ እዚያው ተቀብሯል። እኔ ዘንድ ፎቶ መነሳቱን ጓደኞቹ ነግረዋቸው፣ ለአርባው እናቱ ፊቱን እንድታይ ብለው ነው የመጡት። መታወቂያ እንኳን ሳያወጣ የሞተ ልጅ ነው፤ ሌላ ፎቶ የለውም።

አግዳሚው ላይ አስቀምጫቸው ከርከዴ የሚባለውን ቀዝቃዛ ቀይ መጠጥ አስመጣሁላቸው፤ ብርጭቆውን ይዘውት ቀሩ እንጂ አልቀመሱትም። ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። አዲሱ ዲስክ ላይ ሌላ ሊኑክስ ጫን፣ አሮጌውን ከዚያ ከፍተህ ታየዋለህ አለኝና ኔትወርኩ ተቋረጠ። ያኔ ሲጭንልኝ የተወልኝን የሊኑክስ መጫኛ ሲዲ አስገባሁ። ሁለቱ ዲስኮች በተራ ተዘረዘሩ። አዲሱ ኋላ የመጣ ነውና ሁለተኛው ይሆናል ብዬ ሁለተኛውን መረጥኩ። ቦታቸውን ማቀያየሬ ትዝ አላለኝም። ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ልቀጥል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ እሺ አልኩት።

ኮምፒውተሩ አምሮበት ተነሳ። ሌላኛውን ዲስክ ስከፍተው ከሱቅ እንደወጣ ባዶውን ነው። ያኔ ገባኝ፤ ያጠፋሁት አሮጌውን ዲስክ ከነፎቶዎቹ ነው። ደጋግሜ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ቢኖርስ ምን ሊያደርግልኝ?

እንዴት እንደነገርኳቸው አላስታውስም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጡም። ብርጭቆውን አግዳሚው ላይ አስቀመጡና፣

«ፎቶውን ሲነሳ እንዴት ነበር?» አሉኝ።

ልጁን አላስታውሰውም። በዚያ ሰሞን ስንቱን በአንድ ኮት አንስቻለሁ። ቢሆንም፣

«ይስቅ ነበር፣ አባቴ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ቤት ሳለ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፣ ልጄ። እዚህ ስቆ ከሆነ ለእናቱ ይኸንኑ እነግራታለሁ» አሉና ወደ አውቶቡሱ ሄዱ።

ዛሬ እንዲህ ያለውን ብልሽት ዐይኔን ጨፍኜ እጠግናለሁ፤ ሰውም ባለሙያ ይለኛል። ስለዚያ ልጅ የማውቀው ግን ራሴ የፈጠርኩለትን ሳቅ ብቻ ነው። እናቱ በሕይወት ካሉ ልጃቸውን የሚያስታውሱት እየሳቀ ይሆናል። ሄጄ ውሸት ነበር ልበላቸው? አልችልም። ዝም ማለቱንም አልቻልኩበት።