የመስቀል ማግስት

በ1879 ዓ.ም. ኅዳር፣ እናቴ በጥቅምት ሞታብኝ፣ ኦሮምኛ ብቻ እያወቅሁ ከእንጦጦ ሥር የካ፣ ክርስትና እናቴ ቤት ገባሁ። ዛሬ ልጄ የመስቀል ውሎዋን ስታወራኝ ያ ጊዜ ትዝ አለኝ።

እማማ የምላቸው ክርስትና እናቴ አማርኛ ያስተማሩኝ በበዓል ነው፤ በየበዓሉ ማግስት የሆነውን ሁሉ ያስነግሩኝ ነበር። ዓመቱ ዞሮ መስቀል በዋለ ማግስትም ጠየቁኝ።

«ትናንት ምን ሆነ፣ ልጄ?»

«ደመራ ነደደ። እናቴ ችቦ ያዘች።»

የቤቱ ልጆች ሳቁ። «አንቺ፣ የሞተ ሰው ችቦ ይይዛል እንዴ?»

እማማ ገሠጿቸው። «አምና ይዛ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «እግዚአብሔር የሰጠሽን ካልተናገርሽ በምን ታመሰግኚዋለሽ? ሌላስ ምን አደረገች?»

ተነሥቼ ወደ ውጭ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ብቻዬን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ፣ አምና ከእናቴ ጋር ያከበርነውን መስቀል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማርኛ ለእመቤታችን ነገርኳት።