በቀይ ቀለም የጻፍኩት ስም

ባለፈው ማክሰኞ የእምቢታ ደብዳቤ ተሰጠኝ። በዚህ ዕድሜዬ እምቢ የሚለኝ ጉልበቴ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለልጆች የእጅ ጽሑፍ ማስተማሪያ የምትሆን ትንሽ መጽሐፍ አዘጋጅቻለሁ። እሷን በብብቴ ይዤ፣ እዚሁ ላሊበላ የበጎ አድራጎት ማኅበራትን ወደሚቆጣጠረው ጽሕፈት ቤት ሄድኩና፣ ማኅበራቱ ሁሉ እንዲያውቋት በጽሕፈት ቤቱ ሰሌዳና ቴሌግራም እንዲያስተዋውቁልኝ ጠየቅሁ። ያስተናገደችኝ ልጅ የልጅ ልጄ ብትሆን የማይገርም ናት። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ፤ መጽሐፏን እያገላበጠች «እጅዎ እንዴት ያምራል፣ አባባ» አለችኝ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ደብዳቤውን አትማ ሰጠችኝ። «ጽሕፈት ቤታችን በሌላ ወገን የተዘጋጁ ጽሑፎችን አያስተዋውቅም» ይላል።

ሳቄ አመለጠኝ። ልጅቱ የተቀየምኩ መስሏት «በእርስዎ ብቻ እኮ አይደለም፤ ለሁሉም እንዲሁ ነው» አለች። ምን ብዬ ልንገራት? ያቺን ዓረፍተ ነገር፣ እሷ ሳትወለድ፣ በዚያው መሥሪያ ቤት ስንቴ በእጄ የጻፍኳት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ደግሞ በአፌ ብያታለሁ። ሳቄ እዚያ ሲደርስ ቆመ።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ቁም ጽሕፈት የተማርኩት መሪጌታ አዱኛ ከሚባሉ አሸተን ማርያም አጠገብ ከሚኖሩ መምህር ነው። ከሸንበቆ ብዕር መቅረጽ ጀምረው ሁሉን አስተማሩኝ። ጥቁር ቀለም ለሁሉ ነው፤ ቀዩ ግን ለአምላክ፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ብቻ ነው ይሉኝ ነበር። ቄስ ልሆን ነው ሲባል አስኳላ ገባሁ፤ ከአስኳላውም ወጥቼ በዚህ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆንኩ። የጽሕፈት መኪናችን ከሠራተኛው ሁሉ ይበልጥ የሕመም ፈቃድ የምትወስድ ስለነበረች፣ አብዛኛው ደብዳቤ በእኔ እጅ ነበር የሚወጣው። ሰው በእጅ ጽሑፉ ይኮራል ቢሉ አትመኑ፤ እኔ እታበይ ነበር።

ከበሩ አጠገብ መስታወት የገባለት፣ ቁልፍ ያለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ነበረን። ቅዳሜ ገበያተኛው ሁሉ እዚያ ይቆማል። በዚህም የተነሳ ለጥፉልን የሚል አይጠፋም ነበር፤ ሆቴል የከፈተ፣ ሥልጠና እሰጣለሁ የሚል፣ መጽሐፍ የጻፈ። ኃላፊያችን አቶ መርሻ ለሁሉም መልሳቸው አንድ ነበር። እንደ ጤና ጣቢያው የክትባት ማስታወቂያ ያለ የመንግሥት ወረቀት ካልሆነ በቀር፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር ያስጽፉኛል። አንድ ቀን «ምናለበት፣ ጠቃሚም እኮ ይኖራል» ብላቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኛ ተቆጣጣሪ ነን። ያላነበብነውን ወረቀት እዚያ ስንሰቅለው እንዳነበብነው፣ እንደመሰከርንለት ይሆናል። ገበሬው ወረቀቱን አያይም፣ ልጄ። መስታወቱን ነው የሚያየው።»

ይህን በጆሮዬ ሰማሁ። ከዚያ በላይ አልዘለቀም።

በአንድ ግንቦት አቶ መርሻ ለስብሰባ ወልድያ ወርደው ቁልፉን ለእኔ ተዉት። በዚያው ሰሞን ፍሬው የሚባል ሰው ከደሴ መጣ። ማኅበራት የዓመቱን ሪፖርት እንዴት እንደሚያዘጋጁ የሚያስረዳ፣ ቅጾች ያሉበት መጽሐፍ ይሸጣል። እምቢ አልኩት፤ ይህን ያህል ልመስገን። እሱ ግን አልተከራከረኝም። የጻፍኩለትን የእምቢታ ደብዳቤ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ እንደ ሥዕል ያየው ጀመር።

«ይህ እጅ ያንተ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«አይ አገር! አዲስ አበባ ቢሆን ይህን እጅ ሚኒስትሮች ይሻሙበት ነበር።»

ምሳ ጋበዘኝ። በአዋዜ የተለወሰ ጥብስ ነበር፤ እንጀራው ከሥር ቅባቱን ጠጥቶ ቀልቷል። ጣዕሙ እስካሁን አፌ ላይ አለ፤ ኅሊና ቢረሳ ምላስ አይረሳም መሰለኝ። ጎንበስ ብሎ «መጽሐፉ እኮ ለማኅበራቱ ነው የሚጠቅመው» አለኝ። ፍሬው ሌባ አልነበረም። መጽሐፉን የሚያምንበት ይመስለኛል። እኔ ግን አንዲት ገጽ አላነበብኩለትም።

ማስታወቂያውን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። እሱ ያመጣት ወረቀት እንዲያው ዝርክርክ ስለነበረች አሳፈረችኝ፤ አያችሁ፣ እፍረቴ የት የት ላይ እንደምትውል። ዙሪያውን ሐረግ ሣልኩበት። ርእሱንና የአቶ ፍሬውን ስም ደግሞ በቀይ ቀለም ጻፍኩት። በመስታወቱ ውስጥ ሰቅዬ፣ ቆልፌ፣ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አየሁት። ታቦት የወጣ ይመስል ነበር። አቶ መርሻ ሊመለሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው አንስቼ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። ጥፋት መሆኑን አላውቅም ነበር እንዳልል፣ ይህቺ መሳቢያ ትመሰክርብኛለች።

ሐምሌ ገባ። በሪፖርት ማስገቢያው የመጨረሻ ቀን፣ ከአሸተን በኩል ሦስት ሴቶችና መሪጌታ አዱኛ መጡ። ዝናቡ ሌሊቱን ሲያወርደው አድሮ ቁልቁለቱን ሳሙና አድርጎታል፤ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበር። የማኅበራቸው ሊቀመንበር ወይዘሮ ዘነቡ ናቸው። መንደራቸው ውኃ የሚቀዳው ከገደሉ ሥር ካለ ምንጭ ነው፤ ሴቶቹ እንስራ ተሸክመው ሽቅብ ይወጣሉ። ማኅበሩን ያቋቋሙት ውኃውን ወደ ላይ ለማምጣት ነበር። ቧንቧውን የሚሰጥ ረጂ ተገኝቶላቸው፣ የጠየቃቸው ፈቃዳቸውን ማሳደስ ብቻ ነው። ፈቃዱ የሚታደሰው ደግሞ ሪፖርቱ ተቀባይነት ሲያገኝ ነው።

ወይዘሮ ዘነቡ በጨርቅ የቋጠሩትን የገብስ ቆሎ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩልኝ። «ለአንተ ነው፣ ልጄ። ስትጽፍ እንዳይርብህ» አሉኝ። ሪፖርቱን ከላስቲክ ፈተው ለአቶ መርሻ ሰጡ። አቶ መርሻ ሁለት ገጽ ገልጠው ቆሙ።

«እትዬ ዘነቡ፣ ይህ ቅጽ ከቀረ ቆየ እኮ። የምንፈልገው ግማሹ የለበትም። ማነው በዚህ ሥሩ ያላችሁ?»

«እናንተ ናችኋ።»

«እኛ?»

«ከመስታወቱ ውስጥ ነበር። መሪጌታ አነበቡልን። መጽሐፉን ገዝተን በእሱ ሠራን።»

አቶ መርሻ ወደ ዝናቡ ወጥተው ሰሌዳውን አይተው ተመለሱ፤ ትከሻቸው ረጥቧል። «ምንም የለም» አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ በሌለሁበት የለጠፍከው ነገር አለ?»

ወረቀቷ ከጉልበቴ አንድ ስንዝር ርቃ መሳቢያው ውስጥ ነበረች። ወይዘሮ ዘነቡ ያዩኛል፤ በቁጣ አይደለም፣ ምስክር እንደሚጠብቅ ሰው። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ እንዲህ አልኩ፦

«ጽሕፈት ቤታችን በሌላ ወገን የተዘጋጁ ጽሑፎችን አያስተዋውቅም።»

ልክ እንደ ደብዳቤው። ማኅተም ብቻ ነው የቀረኝ።

መሪጌታ አቀርቅረው የመቋሚያቸውን ጫፍ ያያሉ። አንድ ቃል ቢናገሩ አልቆልኝ ነበር። ወይዘሮ ዘነቡ ሪፖርቱን መልሰው በላስቲክ ጠቀለሉት። «እንግዲያ ዓይናችን ነው የዋሸን» ብለው ወጡ። ቆሎው ጠረጴዛዬ ላይ ቀረ።

ተከትዬ ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ አላውቅም። መሪጌታ ከሰሌዳው አጠገብ ጥላቸውን ዘርግተው ቆመዋል፤ እኔ ከጥላው ውጭ ቆምኩ።

«ሴቶቹ መጽሐፉን እንግዛው አንግዛው ሲሉ ተጠራጥረው ነበር» አሉኝ። «ይህ የተማሪዬ እጅ ነው፣ እሱ አይዋሽም ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

«የኔታ...»

«ያ በቀይ የጻፍከው ፍሬው፣ በየትኛው ገድል ነው ያለው? ፈልጌ አጣሁት።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። እሳቸውም አልሳቁም። ሴቶቹን ተከትለው ሽቅብ ሄዱ።

ፈቃዱ በጊዜው ሳይታደስ ቀረ። ቧንቧው ወደ ወገል ጤና በኩል ላለ ሌላ መንደር ተሰጠ። የእነ ዘነቡ ምንጭ ሌላ ረጂ እስኪገኝለት ሁለት ክረምት አለፈ፤ ሁለት ክረምት ሙሉ ያ እንስራ ወጣ። እኔስ? ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቆሎውን በላሁት። ማፈር ሆድ ይዘጋል ይላሉ፤ የእኔን አልዘጋውም። ውኃው ሲመረቅ ቢሮውን ወክዬ ሄጄ ከሰው ኋላ ተደበቅሁ። ወይዘሮ ዘነቡ ፈልገው አገኙኝና በጣሳ ሰጡኝ። «እንካ፣ አንተም ጠጣ» አሉኝ። ያውቁ ይሁን አያውቁ ከፊታቸው ማንበብ አልቻልኩም። ጠጣሁ። እነግራቸዋለሁ እያልኩ ከረምኩ፤ እሳቸውም መሪጌታም አለፉ። መንገሬ ይኸው ዛሬ ነው፣ ለእናንተ፣ ለማታውቋቸው።

ማክሰኞ ዕለት ቤቴ ገብቼ ግን መጀመሪያ ያደረግሁት መናደድ ነበር። የእኔ መጽሐፍ እኮ ሌላ ነው፤ ጠቃሚ ነው፤ ደግሞ ለልጆች ነው። ልጅቱ እጄን ካደነቀች ምናለበት ብትለጥፈው? ተመልሼ ላስረዳት ተነሳሁ። መጽሐፏን ከጠረጴዛው ላይ ሳነሳ ሽፋኗን አየሁት። ርእሱ በጥቁር ነው። ከሥሩ ስሜ አለ፤ በቀይ።

መቼ እንደጻፍኩት አላስታውስም። እጄ ነው የጻፈው።

ተቀመጥኩ። ብዕሬን ቀርጬ በቀዩ ላይ ጥቁር ደረብኩበት፤ እስኪደርቅም ጠበቅሁት። በመስኮቱ ወደ ብርሃኑ ከፍ ሳደርገው ግን ቀዩ ከሥር ይታያል።