የ«ዶክተሩ» ማርሚታ

አምቦ ስሠራ አለቃዬ የነበረው ሰው ዶክተር አልነበረም። እንደ እኔው የእንስሳት ጤና ዲፕሎማ ነው ያለው። ገበሬው ግን መርፌ የያዘውን ሁሉ «ኦቦ ዶክተር» ይላል፤ እሱም አንድ ቀን «አይደለሁም» ብሎ አያውቅም። ሞተር ሳይክሉ የራሱ፣ ቤንዚኑ የመሥሪያ ቤቱ ነበር። ለክትባት ስንወጣ እሱ ይነዳል፣ እኔ የክትባቱን የበረዶ ሳጥን አቅፌ ከኋላ እቀመጣለሁ።

አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ማርሚታውን ለውጦ መጣ። ምንም ያልጎደለውን ደህና የጭስ ማውጫ አስፈትቶ፣ ጎረምሶች ለሽቅድምድም የሚገጥሙትን የሚያብረቀርቅ አጭር ቱቦ አስገጠመ። አርባን ያለፈ የልጆች አባት ነው እንግዲህ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ገበያው ጫፍ ላይ ሲያስነሳው እኛ ቢሮ ተቀምጠን መስኮቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሱም የሰው ሁሉ አንገት ሲዞር ከአድናቆት ይቆጥረዋል።

ሞተሩ ግን ቱቦውን አልወደደውም። ዳገት ላይ ያስላል፤ ቁልቁለት ላይ ጋዙን ሲለቀው ጧ! ጧ! እያለ ይተኩሳል። ጭሱ እንደ ልቡ ሲወጣ የሚገባው ቤንዚን እንዳነሰው ለሁላችንም ገብቶናል። ክርክሩ ቤንዚኑን በምን እንመጥንለት የሚል ነበር። አንድ የአምቦ መካኒክ የካርቡራተሩን የቤንዚን ቀዳዳ በሚስማር ላስፋልህ አለው። ያ መካኒክ ሚስማሩን የማያነሳበት በሽታ የለም፤ የጎረቤቴን የውኃ ፓምፕ እስከ ወዲያኛው ያሰናበተው እሱ ነው። እኔ የድሮውን ማርሚታ መልሰው አልኩት።

«አንቺ ደግሞ ሴት ነሽ፣ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ?» አለኝ።

ምጥ የጠናባትን ላም እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ሳዋልድ ሴትነቴ ትዝ ብሎት አያውቅም።

በመጨረሻ የመረጠው አዲስ አበባ ያለ አንድ ነጋዴ «የቤንዚን ኮምፒውተር» ብሎ የሸጠለትን የክብሪት ቤት የምታክል ጥቁር ሳጥን ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ የተሠራው ቤንዚን በኮምፒውተር ለሚረጭላቸው አዳዲስ ሞተሮች ነው። የእሱ ሞተር ካርቡራተር እንጂ ኮምፒውተር የለውምና ለሽቦዎቹ መሰኪያ አልተገኘም። ሁለቱን ከባትሪው ጋር አገናኘ፤ የቀሩትን በፕላስተር ጠቀለላቸው። አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

«አየሽ፣ እያሰበ ነው» አለኝ።

ከሁለቱ አንዱ እንኳ ቢያስብ ደስ ባለኝ።

በዚያው ሰሞን ከጌዶ ወረድ ብሎ ያለ አንድ ቀበሌ አባ ሰንጋ ገባ። ክትባቱን ለማስታወቅ ቀድሜ በአውቶቡስ ስሄድ አንድ ሽማግሌ ገበሬ እጄን ይዘው አላስሄድ አሉኝ። ከጥንድ በሬዎቻቸው አንዱን አባ ሰንጋ ገድሎባቸዋል። የቀረውን ከጎረቤታቸው በሬ ጋር በመቀናጆ ጠምደው ሊያርሱ ተስማምተዋል፤ ጎረቤትየው ግን «ያልተከተበ በሬ ከበሬዬ ጎን አይቆምም» ብሏል። ዝናቡ ደግሞ ጥሏል። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ነገ ብትቀሩ እኔ ዘንድሮ አላርስም» አሉኝ። አንቀርም አልኳቸው።

አልቀረንምም። በማግስቱ ጠዋት የቀበሌው ከብት ከቁልቁለቱ ግርጌ ሜዳው ላይ ተሰብስቦ ይጠብቀናል፤ ከሜዳው ወዲያ ገደል ነው። ሽማግሌው በሬያቸውን በገመድ ይዘው ከሁሉም ፊት ቆመዋል።

«እዚህ አጥፋውና በእግራችን እንውረድ» ብዬ ጀርባውን ደበደብኩት።

«ተስተካክሏል እኮ!» አለና ጋዙን ለቀቀው።

ጧ! ጧ! ጧ! ሰዉ መሬት ላይ ተኛ። በዚያ አገር ተኩስ ሲሰማ ማን ተኮሰ ብሎ ቆሞ የሚጠይቅ የለም። ከብቱ እየተራገጠ ተበተነ። የሽማግሌው በሬ ገመዱን በጥሶ ሲሮጥ አየሁት፤ ከዚያ አላየሁትም። ገደሉ አፍ ላይ ስንደርስ ታች ወድቆ፣ ሁለቱም የፊት እግሮቹ ተሰብረው፣ ለመነሳት ይታገላል። የክትባቱን ሳጥን እንዳቀፍኩ በንዴት አለቀስኩ። አለቃዬ «ከብቱ ድንጉጥ ነው» አለ።

ሳይሞት ታረደ። አባ ሰንጋ ባለበት አገር ግን ሥጋ ሳይመረመር አይበላም፤ ጎረቤቶቹ «ኦቦ ዶክተር ይየው» አሉ። እሱም ደስ አለው። እጅጌውን ሰብስቦ ተንበረከከ፤ እንደ ፈራጅ ኮስተር ብሎ ደሙን አየ፣ ጣፊያውን አገላበጠ። ከዚያ ቀና ብሎ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ ተናገረ።

«አይዞዎት ኦቦ! በሬዎ አንዳች በሽታ የለበትም። ፍጹም ጤነኛ ነው!»

ሽማግሌው የተበጠሰውን ገመድ እጃቸው ላይ እየጠቀለሉ ነበር።

«ናን ቤካ» አሉ በኦሮምኛ። በደንብ እንዲገባው ይሁን አላውቅም፣ በአማርኛ ደገሙለት። «አውቃለሁ። ጠዋት በእግሩ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»