እሺ ካላልሽ አንቀመጥም

ጉርድ ሾላ ላይ ቢሮ ስከፍት መንገዱ ለባቡር ተብሎ ተቆፍሮ ስለነበር፣ እኔ ጋ ለመድረስ ደንበኛው ቦይ መዝለል ነበረበት። ይህን እንደ ችግር አላየሁትም፤ ቦይ ዘሎ የሚመጣ ሰው ከልቡ ነው ብዬ ነበር። ችግሩ፣ ዘሎ የመጣ አልነበረም።

ሥራው ኮቺንግ ይባላል። እሠራበት የነበረው የእርዳታ ድርጅት ሥልጠና ልኮኝ ተማርኩት፤ ተምሬ ስጨርስ ድርጅቱን ለቅቄ ብቻዬን ልሥራው አልኩ። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ኑሮው ወይም ሥራው አልሄድ ያለው ሰው ይመጣል፣ እኔ እጠይቀዋለሁ፣ ከዚያ ዝም እላለሁ፣ መልሱን ራሱ ያገኘዋል። ምክር አልሰጥም። ምክር በነጻ በሚታደልበት ከተማ፣ ምክር ላለመስጠት ማስከፈል ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ማንም ቀድሞ አልነገረኝም። ቢነግሩኝም አልሰማም ነበር።

ክፍሏ አንደኛ ፎቅ ላይ ናት፤ ፊቷ ሙሉ መስታወት። ውስጥ ያሉት ሁለት ወንበሮች ናቸው፤ አንዱ የኔ፣ አንዱ የደንበኛ። ቁጭ ስል ከመንገዱ ማዶ ላለ ሁሉ እታያለሁ። ማስታወቂያ ይሆነኛል ብዬ ነበር የመረጥኳት። በየጠዋቱ ለብሼ፣ ተኳኩዬ እቀመጣለሁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት በሬን ያንኳኩት ሁሉ ፎቶ ኮፒ ፈላጊዎች ነበሩ። ሲበዛብኝ «ፎቶ ኮፒ አንድ ፎቅ ወደ ላይ» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ፤ ከዚያ በኋላ የሚያንኳኳም ጠፋ።

አንዲት የባንክ ሠራተኛ ብቻ መጣች። ጠየቅኳት፣ መለሰች፤ ጠየቅኳት፣ መለሰች። በመጨረሻ፣ «እና አንቺ ምን ትይኛለሽ?» አለችኝ። እኔ እጠይቃለሁ እንጂ አልልም አልኳት።

«ለመጠየቅማ እናቴስ መች ሰለቻት!» ብላ ቦርሳዋን አነሳች።

የኔዋ እናት ደግሞ መጠየቁን ትታ ማዘዝ ጀምራለች። የቀድሞ አለቃዬ፣ «ቦታሽን እስከ ፋሲካ ሰው አላስገባበትም፤ ሐሳብሽን ከቀየርሽ ተመለሺ» ማለቱን ከሰማች ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። «ምክር ደግሞ ይሸጣል እንዴ? የሰው መሳቂያ!» ትለኛለች። ምክር አልሸጥም ስላት፣ «እሱንማ እያየሁት ነው» ትላለች። እንጦጦ ራጉኤል ድረስ ወጥታ፣ ልጄ ወደ ቢሮዋ ከተመለሰች ጥላ አስገባለሁ ብላ ተሳለች። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር። ይህን ለእናቴ ከምነግራት ግን ምላሴን ብቆርጥ ይሻለኛል።

ራጉኤል ሲዘገይባት ሽማግሌ ላከችብኝ።

ሦስት ናቸው፤ ከቢሮ ሥራ ጡረታ የወጡት የእድራችን ሊቀመንበር፣ የእናቴ የንስሐ አባት፣ እና ሾፌር የነበሩ ጎረቤታችን። ቦዩን ተደጋግፈው ተሻግረው፣ ጭቃቸውን በር ላይ አራግፈው ገቡና ተደርድረው ቆሙ።

«ልጄ፣ ለጉዳይ ነው የመጣነው» አሉ ሊቀመንበሩ። «እሺ ካላልሽን አንቀመጥም።»

ደንቡ ነው። ሽማግሌ ቆሞ ይለምናል፤ ሽማግሌ አቁሞ ማቆየት የሚችል ሰው ስለሌለ ተለማኙ ይሸነፋል። ለነገሩ እሺ ብላቸውም ለሦስቱ ያለኝ አንድ ወንበር ነበር።

«ወደ ቢሮሽ ተመለሺ። እናትሽን አታሳርሪያት» አሉ ሊቀመንበሩ። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እኛ እዚያ ድረስ እንድትደርሺ አንፈልግም። ደግሞስ ሰው የሚሄድበት ቢሮ ከሌለው ጠዋት ምን ብሎ ይነሳል?»

አፌ ለምዶበት፣ «እርስዎስ አባባ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ምን ብለው ነው የሚነሱት?» አልኳቸው።

ከዚያ ዝም አልኩ። በሥልጠናው ከሁሉ ያቃተኝ ዝምታው ነበር፤ አፌ አያርፍም። ያን ቀን ግን ዝም ያልኩት ደፍሬያቸው ይሆን ብዬ ደንግጬ ነው።

ሊቀመንበሩ መስታወቱን አዩ። የንስሐ አባትን አዩ። ከዚያ ሄደው የደንበኛው ወንበር ላይ ቁጭ አሉና ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ስለ ራሳቸው አወሩ። ሁለቱ ደንቡን አክብረው ቆመው አዳመጡ። ሲወጡ፣ ነገሩ በአንድ ቀን የሚያልቅ ስላልሆነ ለሳምንት ቀጠሮ ይያዝ ተባለ።

ለእናቴ ያሏትን ኋላ ሰማሁ፤ «ልጅሽ ከባድ ናት። መመላለስ ይጠይቃል።»

ተመላለሱ። እኔም ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ሁለት ወንበር ተዋስኩ። በቀጣዩ ሳምንት ሾፌሩ ከልጃቸው ጋር መኳረፋቸውን አወሩና አለቀሱ። የንስሐ አባት ሁሉንም ሰምተው፣ «ይሄ ነገር ከንስሐ በምን ይለያል?» አሉኝ።

«እኔ ቀኖና አልሰጥም አባ፤ ስገዱ፣ ጹሙ አልልም።»

«ታዲያ ሰው ሳይሰግድ ሸክሙ እንዴት ይለቀዋል?» ብለው ከልባቸው አዘኑልኝ።

የኔን ጉዳይ ማንም አያነሳም። ለወጉ ያህል በር ላይ ሲደርሱ፣ «ያንንም ነገር አስቢበት» ይሉኛል። ሽማግሌ አይከፍልም፣ እኔም አልጠየቅኩም። በእድሩ ስብሰባ ላይ አውርተው ኖሮ ግን የሚከፍሉ ሰዎች ቦዩን መዝለል ጀመሩ። አንዷ መሪ ከሚባለው ሰፈር የምትመጣ ባለ ሱቅ ነበረች። ፋሲካም አለፈ። ቦታዬ ላይም ሌላ ሰው ገባ።

እናቴም ሰምታ መጣች። በሩን ዘግታ እዚያው ቆመች።

«ሽማግሌዎቼን ምን አድርገሻቸው ነው?»

«እማዬ፣ መጀመሪያ ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም!»

«እሺ፣ እንዲህ ያስፈራሽ ምንድን ነው?» አልኳት።

ነጠላዋን አስተካከለች። «መንግሥት ሲለወጥ አባትሽን ከሥራ የቀነሱት ጊዜ ትዝ ይልሻል?»

ትዝ ይለኛል። አባቴ ጠዋት ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ፣ ከረቫቱን አስሮ፣ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጥ ነበር። ልጅ ስለነበርኩ እንግዳ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር።

«እስኪሞት እንደዚያው ተቀመጠ» አለች። «ከፋሲካ በፊት ከማዶ ታክሲ ስጠብቅ ቀና ብል እዚህ መስታወት ውስጥ አየሁሽ። ለብሰሽ፣ አምሮብሽ፣ በሩን በሩን እያየሽ። ታክሲው መጣ፤ አልገባሁም። አባትሽን መሰልሽኝ።»

ከዚያ የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔም ዝም አልኩ፤ ሙያዬ ስለሆነ አይደለም።

በሩ ተንኳኳ። የኔ ፊት በእንባ ተበላሽቷል። እናቴ ተነሳች፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አደረገች፣ በሩን ገርበብ አድርጋ አንገቷን አወጣች። ከመሪ የምትመጣዋ ባለ ሱቅ ነበረች።

«ትንሽ ይጠብቁ፣ የኔ እመቤት» አለቻት። «ልጄ ሥራ ላይ ናት።»