ሁሉን አወቅ እና የባነር ማተሚያው

የማስታወቂያ ሰሌዳ ሠሪውን ሰፈሩ «ሁሉን አወቅ» ይለዋል። የሚሉት ለማሾፍ ነው፤ እሱ ግን ማዕረግ መስሎት ይኮራበታል። ያገለገለ የባነር ማተሚያ ሊገዛ ሲነሳ፣ አሥር ዓመት ሙሉ አብራው ባነር ስትቆርጥና ቀለም ስትሞላ የኖረችው ሚስቱ «አደራ፣ መጀመሪያ የማሽኑን አራቱንም ቀለም ለየብቻ አሳትመህ እይ» አለችው።

«ደሞ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?» ብሎ አፍንጫውን ነፍቶ ወጣ።

የማሽኑ ሻጭ ደግሞ የሰው ልብ አንባቢ ነበር። ስለ ማሽኑ አንድ ቃል ሳይተነፍስ «ጌታዬ፣ ፎቶዎን ይዘዋል?» አለው። ወዲያው ሁለት ሜትር ሙሉ የሁሉን አወቅ ፊት ከማሽኑ ወጣ። ያ አመድ የመሰለ ፊቱ ደም ገብቶበታል፣ አሥር ዓመትም ቀንሷል። ሰውዬው ልቡ ቅቤ ጠጣ። አራቱን ቀለም እርግፍ አድርጎ ረስቶ ማሽኑን አስጭኖ ሄደ።

የመጀመሪያው ሥራ የዋና ገንዳ ማስታወቂያ ነበር። ውሃው ሮዝ ሆኖ ወጣ፤ ከበላዩ ያለው ሰማይም ሮዝ። ሚስቱ አንዴ አየት አድርጋ መቀሱን አስቀመጠች።

«ሰማያዊውን ቀለም የሚረጨው አፍ ደርቋል። ፊት እንደሆነ ሰማያዊ ቀለም ብዙም አይፈልግም። አንተ ማሽን አልገዛህም፣ መልክህን ነው የገዛኸው።»

ሰው ከስህተቱ ይማራል ይባላል፤ እሱም በጊዜው ተማረ። ማሽኑን ወልውሎ በሩ ላይ «የሚሸጥ» ብሎ ለጠፈ። በሳምንቱ ጸጉሩን በወግ ያበጠረ ገዢ መጥቶ «እስቲ ቀለሞቹን...» ብሎ ሲጀምር፣ ሁሉን አወቅ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና አቋረጠው።

«ጌታዬ፣ ፎቶዎን ይዘዋል?»