የረግረግ ቁጥቋጦ ሥር

ሥዕል ነው የምሠራው። ይህንን ለወንድሜ ሚስት ማስረዳት ግን ድንጋይ ላይ ውኃ ማፍሰስ ሆነብኝ።

ሰው አገር መጥቼ የምኖረው ሮዘተንቪል በሚባል ሰፈር፣ እነሱ ቤት፣ ከኋላ ባለችው ክፍል ነበር። ወንድሜ ኦሬንጅ ፋርም በሚባል ሩቅ ሰፈር ባለው ስፓዛው፣ በትንሿ የችርቻሮ ሱቁ፣ እያደረ የሚመጣው እሁድ እሁድ ብቻ ነው፤ በተቀረው ቀን ከእሷ ጋር መፋጠጥ የእኔ ዕጣ ነው። የዕፅዋት መጽሐፍ የሚያዘጋጁ አንዲት ሴትዮ፣ ከባሕር ጠረፍ ረግረግ የተነቀለ ቁጥቋጦ ከነሥሩ ደርቆ ወረቀት ላይ እንደተለጠፈ ሰጥተውኝ ነበር። ቅጠሉን፣ አበባውን፣ ከሁሉም በላይ ያንን የተጠላለፈ ሥሩን በአጉሊ መነጽር እያየሁ እስላለሁ። እዚህ አገር በሙያዬ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ ነው። ከወደዱልኝ የመጽሐፉ ሥዕል በሙሉ የእኔ ነው፤ የራሴን ክፍል እከራያለሁ፣ የእሷንም ፊት አላይም።

እሷ ግን ጭራሽ ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ አደረገችኝ! ሳታንኳኳ በሬን ትከፍትና "ይሄ ደግሞ የምን ሥር ነው?" ትላለች።

"ለመጽሐፍ ነው አልኩሽ እኮ!"

"ልጅ የከለከለኝ የትኛው ሥር እንደሆነ ጠፍቶኝ መሰለሽ!" ብላ በሩን ታላትመዋለች። ከተጋቡ ጀምሮ አልወለደችም፤ እኔ ስመጣ የምታሳብብበት አገኘች። የጸሎት ጓደኞቿን ሰብስባ፣ የክፍሌ በር ላይ እጃቸውን ጭነው "በኢየሱስ ስም ውጣ!" እያሉ ሲጮሁ፣ ብሩሼን አስቀምጬ ጆሮዬን እይዝ ነበር። ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፣ ተናድጄ!

ሥዕሎቹን በማስረክብበት ዕለት ጠዋት ታጥቤ ስመለስ የሥሩ ሥዕል የለም። ማድ ቤት እየሮጥኩ ሄድኩ፤ ሽንኩርት ትልጣለች።

"አቃጠልኩት" አለችኝ፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ። "አንቺም ልብስሽን ሰብስቢና ውጪልኝ።"

አፌ እንዳመጣልኝ ተሳደብኩ። ወንድሜ ጋ ስደውል "እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ" አለኝ። ወንድም ተብዬ! ሻንጣዬን ጎትቼ ወጣሁ። ሴትዮዋን ምን ብዬ እንደማያቸው ጨንቆኝ በር ላይ ታክሲ ስጠብቅ፣ የወንድሜ ሚስት ከኋላዬ መጣች። ልትማታ መስሎኝ ዞርኩ።

ግራ ቀኙን አየችና ከጡቷ መሃል የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የእኔ ሥዕል ነው።

"አላቃጠልኩትም" አለች፣ ድምፅዋ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። "በሞቴ፣ ለወንድምሽ እንዳትነግሪው። ይሄ ሥር ልጅ እንዲሰጠኝ እንዴት ነው የምጠጣው፣ በውኃ አጥቤ ነው?"